ውጭ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ካምፓኒ ሪፖርት ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

የውጭ ካምፓኒ ሼር የምትገዙ ልጆች፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ "ሽያጭ አደገ" የሚለውን ብቻ አይታችሁ እባካችሁ አትቸኩሉ።

ትልቁ ስህተት እሱ ነው። የኬንያውን ቴሌኮም ሳፋሪኮምን እዩ፣ አዲስ አበባ ያለው ደንበኛ ካርድ የሚሞላው በብር ነው፣ የግሩፑ (የዋናው ካምፓኒና የቅርንጫፎቹ አንድ ላይ) ሂሳብ የሚሰራው ግን ናይሮቢ በሽልንግ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሄራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አስቡት እስኪ፣ አንድ ካምፓኒ 5.7 ቢሊዮን ብር ቢሸጥ በ57 ሂሳብ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ በ114 ሲመነዘር ግን 50 ሚሊዮን፣ አንድም ደንበኛ ሳይቀንስበት ማለት ነው። እቃውም ብድሩም በዶላር ከሆነ ደግሞ ወጪው በብር እጥፍ ይሆናል። ሳፋሪኮም ኬንያ ውስጥ በደንብ እያተረፈ የዛን ግማሽ ዓመት የግሩፑ ትርፍ የወረደው ኢትዮጵያ ላይ በደረሰበት ኪሳራ ነው፣ ኪሳራውን ያሰፋው ደግሞ ምንዛሬው። ስለዚህ ገቢው በምን ገንዘብ፣ ወጪውና እዳውስ በምን ገንዘብ ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው፣ ወረቀት ላይ ያለን ትርፍ እጅ የገባ ካሽ አድርጎ ማየት። የዱባዩ አየር መንገድ ኤምሬትስ በ2022 (እኤአ) የናይጄሪያ በረራውን ያቆመው ተሳፋሪ አጥቶ አይደለም፣ ትኬት የሸጠበትን ናይራ (የናይጄሪያ ገንዘብ) ዶላር አድርጎ ማውጣት ስላቃተው ነው፣ የተመለሰውም በ2024 ነው። የዶላር ወረፋ ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

"ብዙ አገር ስለሚሰራ አደጋው ተበትኗል" የሚሉም አሉ። የፈረንሳዩ መኪና አምራች ሬኖ ብዙ አገር ይሸጥ ነበር ግን ራሺያ ከትልልቆቹ ገበያዎቹ አንዷ ነበረች፣ የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ በ2022 የአቭቶቫዝ (የራሺያ መኪና አምራች) ድርሻውን በ1 ሩብል አስረክቦ ወጣ። የአገሮቹን ብዛት ሳይሆን ትልቁ አገር ስንት ፐርሰንት እንደያዘ ነው ማየት ያለባችሁ። አፕልም ጃንዋሪ 2019 ላይ ቢያንስ 89 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል ያለውን የሩብ ዓመት ሽያጭ ግምት ወደ 84 ያወረደው በዋናነት በቻይና ምክንያት ነበር።

ይሄን ሁሉ ሰምቶ ደግሞ ከውጭ ገበያ ጭራሽ መሸሽም ስህተት ነው፣ ኔስሌ ስዊዘርላንድ ውስጥ ብቻ ቢሸጥ የዛሬውን ኔስሌ አይሆንም ነበር። እሱ ሪፖርቱ ላይ ኦርጋኒክ እድገቱን (ምንዛሬና የካምፓኒ ግዢና ሽያጭ ሳይቆጠር የመጣውን የሽያጭ እድገት) እና የምንዛሬውን ውጤት ለየብቻ ያስቀምጣል፣ የያዛችሁት ካምፓኒ እንደዛ ካልለየ ሼሩን ከመጨመራችሁ በፊት በየአገሩ የተከፋፈለውን የገቢ ሰንጠረዥ ፈልጋችሁ ምንዛሬውን ራሳችሁ አስሉት።