የጨጓራ ቀለበት አስገብተው ክብደትዎ አልወርድ ካለ ምን ያድርጉ?

ለጨጓራ ቀለበት፣ ብዙዎቻችን ጋስትሪክ ባንድ ለምንለው፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ተኝቶ፣ ሳምንታትን በሾርባና በአጥሚት ያሳለፈ ሰው ከወራት በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ንቅንቅ አልል ካለው የሚያደርገው ይታወቃል። መጀመሪያ ራሱን ይወቅሳል። ቀጥሎ ቁርስ ይተዋል። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «በደንብ አጥብቁልኝ» ይላል። በእኔ እምነት ከሦስቱ በጣም የሚጎዳው የመጨረሻው ነው፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ቀለበት ሰውን ያወፍራልና። እንዴት እንደሚያወፍር ወደ ታች እንመጣበታለን።

ጽሑፉን ያሰናዳሁት ሐዋሳ ለሚኖርና ቀዶ ሕክምናውን ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ላስደረገ ሰው ነው። ቀለበቱን ያስገባው ሐኪም ቅርብ ካልሆነ ሥራው የሚጀምረው ከወረቀት ነው።

ደረጃ 1፦ የሕክምና ወረቀትዎን ያሰባስቡ

ቀለበቱ ከሲሊኮን የተሠራ ነው። የጨጓራን አናት ይከብና ከበላዩ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ፣ ከቡና ሲኒ የምታንስ ከረጢት ይተዋል። ከቀለበቱ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከሆድ ቆዳ ሥር ከተቀበረች ፖርት፣ ማለትም በመርፌ ከምትወጋ ትንሽ መሙያ፣ ጋር ይገናኛል። በፖርቷ በኩል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ሲጨመር ቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሲቀነስ ይላላል። ይህንን ቀለበት በላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆድን በሰፊው ሳይቀድዱ በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ ያስገቡት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር ምትኩ በላቸው ናቸው፤ ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1993፣ ቦታው ቤልጂየም።

ካከመዎት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሪፖርቱን በኢሜይል ይጠይቁ። ሪፖርቱ ላይ መገኘት ያለባቸው የቀለበቱ አምራችና ሞዴል፣ ቢበዛ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ፣ አሁን ውስጡ ምን ያህል ሳላይን እንዳለ፣ መጨረሻ የተሞላበት ቀንና ፖርቷ ያለችበት ቦታ ናቸው። አንዱ ሞዴል 4 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲይዝ ሌላው ከ10 በላይ ይይዛል፤ ስለዚህ «ሦስት ተሞልቶልኛል» ማለት ብቻውን ለአዲሱ ሐኪም ምንም አይነግረውም። ወረቀቱ ጨርሶ ካልተገኘም ተስፋ አይቁረጡ። ቀለበቱም ፖርቷም በራጅ ይታያሉ፤ ያለውን ሳላይንም ሐኪም በመርፌ ስቦ ሊለካው ይችላል።

መርፌ ካልን አይቀር፦ ፖርቷ የምትወጋው ሁበር በሚባል ልዩ መርፌ ነው። ተራው የክሊኒክ መርፌ ሲሊኮኑን እየቦረቦረ ያፈሰዋል፤ የፈሰሰች ፖርት ደግሞ በሌላ ቀዶ ሕክምና ትቀየራለች። ባጃጅ ተሳፍረው ከመሄድዎ በፊት ይደውሉና «ባንድ የሚሞላ ሐኪም አላችሁ? ሁበር መርፌስ?» ብለው ይጠይቁ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከሌለ፣ ሐኪሙ ዘመድዎ ቢሆንም እንኳ፣ አይወጉ። ለአንድ ሙሊት አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ በእርግጥ አልቀነሱም?

በደንብ የተስተካከለ ቀለበት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢያስቀንስ ሥራውን እየሠራ ነው። ክብደቱም በወራት ሳይሆን በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ነው የሚወርደው። ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና ያስደረገች ጓደኛዎ በሦስት ወር ልብስ ቀይራ ከሆነ ከእሷ ጋር አይወዳደሩ፤ የእሷ ጨጓራ አብዛኛው ተቆርጦ ወጥቷል፤ የእርስዎ እንዳለ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ይመዘኑና ይጻፉ። የወገብዎንም ዙሪያ በሜትር ይለኩ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሁለቱም ካልነቃነቁ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ ላልቷል? ጠብቋል? ወይስ ልክ ነው?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። ለአንድ ሳምንት የበሉትን፣ የበሉበትን ሰዓት፣ ምን ያህል ቆይተው እንደራብዎትና ያነቀዎት ነገር ካለ በደብተር ወይም በስልክዎ ይመዝግቡ።

በልተው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚርብዎት ከሆነ፣ እንደ ድሮው አንድ ሙሉ እንጀራ የሚጨርሱ ከሆነ፣ ምንም ነገር የማያንቅዎት ከሆነ ቀለበቱ ላልቷል። ሳላይን መጨመር የሚጠቅመው ለዚህ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሙሊት ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ በትንሽ በትንሹ፣ አንዳንዴ በግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ፣ እየተጨመረ ይስተካከላል። አንዴ እንኳ ሳይሞላላቸው «ባንዱ አልሠራልኝም» የሚሉ አሉ። ያልተሞላ ቀለበት ገና ሥራ አልጀመረም።

አሁን ወደ ጠበቀው። ምሳ ላይ ሥጋው ያንቅዎታል፤ ዳቦው ደረትዎ ላይ ይቆማል፤ ምራቅዎ እንደ አረፋ እየሆነ ይወጣል፤ ሌሊት ቃር ያቃጥልዎታል ወይም ሳል ይቀሰቅስዎታል። ሰው እንዲህ ሲሆን ምግብ አይተውም፤ የሚያልፈውን ይመርጣል። የሚያልፈው ደግሞ አይስክሬም፣ ብስኩት በሻይ፣ ቸኮሌት፣ ኬክና ጁስ ነው። ቀለበቱ የሚሠራው የታኘከ ጠጣር ምግብ ቀስ ብሎ ሲያልፍ በሚፈጥረው ግፊት ነው፤ ግፊቱ በነርቭ በኩል «በቃኝ» የሚለውን መልእክት ለአንጎል ያደርሳል። የሚሟሟ ነገር ይህን ግፊት ሳይፈጥር ሸርተት ብሎ ያልፋል፤ ካሎሪው ግን አይቀርም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ምንም አይወርድልኝም» የሚል ሰው ኪሎ ሲጨምር ውሸታም አይደለም። መፍትሔው ማስቀነስ ነው። ከጠበቀ ቀለበት ላይ ሳላይን አስቀንሶ መቅጠን ይቻላል፤ ለማመን ቢከብድም።

ልክ የሆነው በመካከል ያለው ነው፦ ትንሽ ሳህን ምግብ በልተው ለአራት ሰዓት ያህል ሳይርብዎት ይቆያሉ፤ አያስመልስዎትም፤ ሌሊት በሰላም ይተኛሉ። እዚህ ላይ ሆነው ክብደትዎ ካልወረደ ቀለበቱን አይንኩት። ችግሩ ከሚበሉትና ከሚጠጡት ዘንድ ነው።

ሙሊት ያደረጉ ቀን ክሊኒኩን ሳይለቁ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥተው ማለፉን ያረጋግጡ። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን በፈሳሽ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ምግብ ይቆዩ።

ደረጃ 4፦ ሳህኑን ያስተካክሉ

በቀን ሦስት ጊዜ ይብሉ፤ ቁርስን አይዝለሉ። ከሳህኑ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮቲን ይሁን። ብዙ ሐኪሞች በቀን 60 ግራም ገደማ ያዝዛሉ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ መቶ ግራም የበሰለ ቆሮሶ ዓሣ ግን ከ20 በላይ ይሰጣል። እዚህ ላይ የሐዋሳ ሰው ዕድለኛ ነው። ዓሣ ለስላሳ ስለሆነ ከጥብስ ይልቅ በቀለበት ለማለፍ ይቀላል። አሞራ ገደል ሄደው ሲገዙ ግን በዘይት የተጠበሰውን ትተው ለሾርባ ወይም ለወጥ የሚሆነውን ይውሰዱ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ነው። ሙሉውን ቆሮሶ በጣት እሾሁን እየለቀሙ መብላትም ሳያውቁት ያዘገያል፤ ለባንድ ሰው ከዚህ የተሻለ የአበላል ትምህርት ያለ አይመስለኝም። እሾሁን ብቻ አጥብቀው ይጠንቀቁ።

ጉርሻው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ይሁን፤ ሃያ ጊዜ ያህል ያኝኩት፤ ውጠው ትንሽ ይጠብቁ። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ገበታውን ይልቀቁ፤ የቀረ ካለ ይቅር። ከምግብ ጋር ውኃ አይጠጡ፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ትኩስ ዳቦ፣ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ነገርና ደረቅ ጥብስ የሚያንቁት በብዛት ናቸው። እንጀራን በተመለከተ ሰው ከሰው ይለያያል፤ ከሩብ እንጀራ ይጀምሩና ወጡን ያብዙበት። ቆጮም በደንብ ካልታኘከ ያስቸግራል። ቅቤ የጠጣው የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ ደግሞ ባያንቅም እንኳ ካሎሪው ከባድ ነውና ለበዓል ይቆየን።

ያነቀዎት ጊዜ ውኃ ጠጥተው ለመግፋት አይሞክሩ፤ ያባብሰዋል። ይነሱ፣ ወዲያ ወዲህ ይበሉ፤ ካለፈልዎት በኋላ የቀኑን ቀሪ በፈሳሽ ይዋሉ።

አሁን ጉርሻ ወደሚባለው ፈተና። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ሲባል ያደገ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ግን የአስተናጋጇ ጉርሻ ከከረጢትዎ ግማሽ ሊሆን ይችላል። «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» ሲባሉ አፍዎን ሳይሆን እጅዎን ይዘርጉ፦ «እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኝ ነው፤ በእጄ ይስጡኝ፣ ቀስ ብዬ እበላዋለሁ።» ተቀብለው ሳህንዎ ዳር ያስቀምጡት። ማንም አይቀየምም፤ ቢቀየሙም ቡናው ሲፈላ ይረሳል።

ደረጃ 5፦ የሚጠጡትን ይቁጠሩ

ቡናው ራሱ ምንም አይልም። ሦስት ማንኪያ ስኳር በአቦል፣ ሦስት በቶና፣ ሦስት በበረካ ሲሆን ግን ወደ 150 ካሎሪ ይጠጋል፤ ይህም አንድ ቢራ እንደመጠጣት ነው። ጁስ ቤት የሚደረደረው አቮካዶና ስፕሪስ ከስኳሩ ጋር ሙሉ ምሳ ነው፤ በቀለበቱ ግን እንደ ውኃ ያልፋል። ለስላሳ ስኳሩ ሳያንስ ጋዙም ሆድን ይነፋል። ቢራ፣ ጠጅና አረቄም እንደዚያው ናቸው። ደብተርዎ ላይ ምግቡን እየጻፉ መጠጡን ትተው ከሆነ፣ ምናልባት የጎደለው ኪሎ እዚያ ይሆናል። ውኃ በቀን ውስጥ በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ።

ጿሚ ከሆኑ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ውሎ በረሃብ ገበታ ላይ መቸኮል ለማነቅ ምቹ ነው፤ የጠዋቱ ውኃም ሲቀር በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት ስለማይቻል ሰውነት ይደርቃል። በጾም ምስርና ሽሮ ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ የሚፈሰውን ዘይት ግን ይቆጣጠሩ። ለረመዳንም ያው ነው፤ አፍጥር ላይ ቀስ ይበሉ።

ደረጃ 6፦ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ፣ መድኃኒትዎን ያሳዩ

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ መነሻ ነው። ከፍቅር ሐይቅ በሐይቁ ዳር መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጉልበትዎ ከፈቀደ ታቦር ተራራ አለ። ብስክሌት ደግሞ ለሐዋሳ ሰው ምን ይነገረዋል።

ክብደት የሚያስጨምሩ መድኃኒቶችም አሉ፦ ኢንሱሊን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች፣ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች። በራስዎ አያቁሙ፤ ዝርዝሩን ለሐኪም ያሳዩ። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሆድ ድርቀት ካለ የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ፤ ከዚያው ጋር የደም ማነስ፣ የቢ12 እና የቫይታሚን ዲ ምርመራም ይታዘዝልዎ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ቀለበት ላለበት ጨጓራ ስለማይመከሩ ለራስ ምታት ፓራሲታሞልን ይምረጡ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ቀለበቱን ማላላት ሊያስፈልግ ስለሚችል ለሐኪም በጊዜ ይንገሩ።

ደረጃ 7፦ ቀለበቱ ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነ ያስመርምሩ

ጠግበው ይውሉ የነበሩ ሰው ድንገት ምንም ነገር የማያግድዎት ከሆኑ ቱቦው ወይም ፖርቷ አፍስሳ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ፖርቷ አካባቢ መቅላትና መግል ከታየ፣ ቀለበቱ ጨጓራን በልቶ ወደ ውስጥ እየገባ እንደሆነ መጠርጠር አለበት። ቀለበቱ ከቦታው ሲንሸራተት ወይም ከበላዩ ያለው ከረጢት ሲለጠጥ ደግሞ ቃርና ማስመለስ ይበረታሉ። ባሪየም የሚባል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ተጠጥቶ የሚነሳ ራጅ መንሸራተቱንም መለጠጡንም ያሳያል፤ ጨጓራን መብላቱን ለማየት ግን ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ፣ ያስፈልጋል።

ምራቅዎን እንኳ መዋጥ ካቃተዎት፣ ውኃ ለሰዓታት ካልወረደልዎ ወይም ከማስመለስ ጋር ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡና ከሁሉ በፊት «የጨጓራ ቀለበት አለብኝ» ይበሉ። ለቀናት ሲያስመልስዎት ከቆየም ይህንኑ ይንገሩ፤ ቢ1 ቫይታሚን ቶሎ ያልቃል፤ ግሉኮስ ከመስጠት በፊት እሱ መሰጠት አለበት።

ደረጃ 8፦ ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ

ቀለበት እንደ ድሮው በብዛት አይሠራም፤ በዓለም ዙሪያ ስሊቭ ቦታውን ወስዶታል፤ ቀለበታቸውን ያስወጡም ብዙ ናቸው። በላፓራስኮፒ አውጥቶ ወደ ስሊቭ ወይም ምግብ አብዛኛውን ጨጓራና የአንጀትን መጀመሪያ ዘልሎ እንዲያልፍ ወደሚያደርገው ቀዶ ሕክምና፣ ወደ ባይፓስ፣ መቀየር ይቻላል፤ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ጨጓራው እስኪያገግም ወራት ተጠብቆ። አስወጥቶ ዝም ማለት ግን ክብደቱን ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ የምግብ ፍላጎት የሚቀንሱ መርፌዎችም በሐኪም ትእዛዝ አማራጭ ናቸው። ለዚህ ቀጠሮ ሲሄዱ የቀዶ ሕክምና ሪፖርቱን፣ የሙሊቶቹን ቀንና መጠን፣ የባሪየም ራጁን፣ የክብደት መዝገብዎንና የሳምንቱን የምግብ ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙንም ቀለበት አውጥቶ በመቀየር ምን ያህል ልምድ እንዳለው ሳያፍሩ ይጠይቁት።