«ትንሽ ነው የቀረኝ»፦ ብረት መቀጥቀጥ ሲጀመር የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የመጀመሪያ መንጠቆውን ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ብረቱ ከእሳት ሲወጣ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ መታው፣ ቀላ። ጥቂት ደገመበት፣ ጠየመ። ልጁ ግን አላቆመም። ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ ከግንባሩ እየወረደ፣ መዶሻውን ከራሱ በላይ እያነሳ ይደበድበዋል። ወደ እሳቱ እንዲመልሰው ስነግረው «ቆይ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለኝ።

ይቺን «ትንሽ ነው የቀረኝ» ከስንት ጀማሪ አፍ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። እኔም ስንቴ ብያታለሁ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ብረት እንደጋለ ነው የሚቀጠቀጠው ሲባል ያልሰማ ሰው የለም። ለሥራውም ለትዳሩም ይጠቅሰዋል። መዶሻ ሲይዝ ግን ይረሳዋል። ተራ ለስላሳ ብረት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል፣ ማለትም ከብርቱካናማ ወደ ቢጫ ሲጠጋ፣ በመዶሻ ስር እንደ ሸክላ ጭቃ ይታዘዛል። ጠይም ቀይ ሲሆን ወደ 650 ዲግሪ አካባቢ ወርዷል። ያኔ የምትመቱት ምት ብረቱን ማንቀሳቀሱን ትቶ ወደ ክርናችሁ ይመለሳል። የሚንቀሳቀሰውም የላይኛው ገጽ ብቻ ነው። ልቡ አይነቃነቅም። ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቆዳው ወደፊት ሲሄድ መሀሉ ኋላ ቀርቶ ማለት ነው። ያንን የተከፈተ አፍ ደግሞ እያጠፋችሁ ብትቀጠቅጡት ሁለቱ ከንፈሮች ይደራረባሉ እንጂ አይዋሃዱም፣ ውስጥ ስንጥቅ ሆኖ ይቀመጥና ሥራው አለቀ ባላችሁበት ሰዓት ጫፉ ተገንጥሎ ይወድቃል። የአፉ ምልክት ገና ሲጀምር ካያችሁት ቆርጣችሁ ጣሉት። አምስት ሚሊ ሜትር ብረት ብታጡ ነው።

ካርቦኑ ከፍ ያለ ብረት ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ የመኪና ባሌስትራ፣ ቀዝቅዞ ሲመታ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ያን ቀን ላታዩት ትችላላችሁ። ይቆያችኋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብረቱን ከእሳት ከማውጣታችሁ በፊት የመጀመሪያው ምት የት እንደሚያርፍ እወቁ። ውሳኔው እሳቱ ጋ ማለቅ አለበት። ብዙ ጀማሪ ብረቱን ያወጣል፣ መስፉ ላይ፣ ማለትም ብረት በሚቀጠቀጥበት ወፍራም የብረት መደገፊያ ላይ፣ ያጋድመዋል፣ ከዚያ ማሰብ ይጀምራል። መስፉ ቀዝቃዛና ትልቅ ነው፤ እያሰባችሁ ሙቀቱን ይጠጣላችኋል። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ ያላችሁ ጊዜ ሴኮንዶች ነው። ስለዚህ መዶሻው ከመነሳቱ በፊት ብረቱ መስፉን አይንካ። ቀለሙ ወደ ጠይም ሲያዘነብል የቀረው አንድ ምት ብቻ ቢሆንም መልሱት። ወደ እሳት መመለስ ጊዜ ማባከን አይደለም። እጅ የሚያርፈው፣ ዓይን ደግሞ የሠራውን የሚያየው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጠንቃቃውንም ሰው ያስታል። ቀለም በፀሐይ አይነበብም። ጥላ ውስጥ ብርቱካናማ የሚመስል ብረት ደማቅ ፀሐይ ላይ ገና ያልጋለ ይመስላል። ደጅ የሚሠራ ሰው ስለዚህ «አልሞቀም» እያለ ያቃጥለዋል። ምድጃችሁን ጥላ ውስጥ አድርጉት።

ማቃጠል ስል የምሬን ነው፣ ብረት ይቃጠላል። ጨዋታ ይዟችሁ ስትመለሱ ከጫፉ ነጭ ብልጭታ እንደ ኮከብ ሲተፋ ካገኛችሁት አለቀ፣ ያ ክፍል አይድንም። መቁረጥ ነው። ካርቦን የበዛበት ብረት ደግሞ ከለስላሳው ብረት ቀድሞ ይቃጠላል።

እሳቱ ራሱም መማር ይፈልጋል። ጀማሪ አየር ከበዛ እሳቱ የተሻለ ይመስለዋል። በወናፍ ይሁን በፀጉር ማድረቂያ፣ ያለ የሌለ ነፋሱን ይለቅበታል። ከሰል ያልቃል፣ ብረቱ ግን ቅርፊት በቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ ሌላ ምንም አይደለም፣ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የተበላ ብረት ነው። ብረቱን ቁልቁል ወደ አየር መግቢያው አትውጉት። እዚያ ያልተቃጠለ ኦክስጅን አለ። የፍሙ ክምር ወፈር ይበል፣ ብረቱ በመሀሉ አግድም ይተኛ፣ ከላይም ፍም ይልበስ። ከእሳት በወጣ ቁጥር በሽቦ ብሩሽ ጠረግ አድርጉት፣ ቅርፊቱ ላይ ከመታችሁ ጠባሳው ይቀራል።

አሁን ወደ ቢላዋው ልምጣ። የሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቢላዋ መሥራት ይፈልጋል። ይገባኛል፣ እኔንም ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ቢላዋ ነው። ግን ቢላዋ ሁሉንም ፈተና በአንድ ቀን የሚያመጣ ሥራ ነው። ብረቱን መምረጥ አለ፣ ቀጥ አድርጎ ማሳሳት አለ፣ ሁለቱን ጎን እኩል ማድረግ አለ፣ ማጠንከር አለ፣ መልሶ ማለዘብ አለ። አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ፣ የቱ እንደተበላሸ እንኳን አታውቁም።

የእኔ የመጀመሪያ ቢላዋ ከባሌስትራ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ቅርጹ አምሮ ነበር፣ አሁንም ድረስ አምሮ እንደነበር እመሰክራለሁ። አጋልኩትና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። «ጭው» ከሚለው ድምፅ መሀል አንዲት ቀጭን «ቲን» ሰማሁ። ሳወጣው ከስለቱ እስከ ጀርባው ተሰንጥቋል። የሦስት ቅዳሜ ሥራ! ባሌስትራ በአብዛኛው ዘይት የሚፈልግ ብረት ነው፤ ውሃ በጣም ፈጥኖ ያቀዘቅዘዋል፣ ውስጥና ውጩ እኩል መኮማተር ያቅታቸዋል፣ ይሰነጠቃል። ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት ይበቃው ነበር። መቼ መንከር እንዳለብኝም በግምት ነበር። ማግኔት ቢኖረኝ ይነግረኝ ነበር፦ ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር አድርጎ መንከር ነው።

ዘይቱ የብረት ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ ክዳኑም በእጃችሁ አጠገብ ይሁን፤ እሳት ሲነሳ መክደን ነው እንጂ ውሃ መድፋት አይደለም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትጠቀሙ፣ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም። የጠነከረውን ብረት ደግሞ እንዲሁ አትተዉት። እንደ ብርጭቆ ሆኗል፣ ሲወድቅ ይሰበራል። ቅርፊቱን ፍቃችሁ እንደገና ቀስ ብላችሁ አሙቁት፤ ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ገጹ ላይ ገለባ መሳይ ቢጫ ይመጣል፣ ለስለት እዚያ አካባቢ ነው የሚቆመው። ሰማያዊ ከሆነ ለቢላዋ አልፏል።

ከለስላሳ ብረት ቢላዋ ቀጥቅጦ «ስንቴ ነከርኩት፣ አልጠነከረም» የሚለኝም አለ። አይጠነክርም። ካርቦን የለውም ማለት ይቻላል። መቶ ጊዜ ቢነከር ያው ነው። የግንባታ ፌሮም ውስጡ ምን እንዳለ በደንብ አይታወቅም፤ ለመለማመጃ ይሁን፣ ስለት ለሚፈልግ ነገር ግን አትድከሙበት።

እና በምን ይጀመር? በመንጠቆ። በምስማር። በእሳት መቆስቆሻ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ማሾል፣ ማጠፍና መጠምዘዝ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። አንድ ሠርታችሁ አትለፉ፣ አሥር ሥሩ። ከዚያ ሁለት አንድ ዓይነት መንጠቆ ለመሥራት ሞክሩ። እሱ ነው ፈተናው።

ማሾል ላይ ሁሉም የሚሳሳተው ክቡን ዘንግ ክብ እንደሆነ ለማሾል ሲሞክር ነው። እያሽከረከረ ይመታዋል፣ መሀሉ ይላላና ይሰነጠቃል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ እስከሚፈለገው ቅጥነት አሹሉት፣ ከዚያ አራቱን ጠርዝ መትታችሁ ስምንት ማዕዘን፣ መጨረሻ ላይ ክብ። ከጫፉ ጀምሩና ወደ ኋላ ሂዱ። አራት ማዕዘኑ ተጣሞ ወደ ጎን ያጋደለ እንደሆነ ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ፤ በደንብ አግላችሁ ረጅሙን ጠርዝ መትታችሁ ወዲያው አስተካክሉት። በቆየ ቁጥር ይብሳል።

መዶሻ። ትልቅ መዶሻ ሥራ አያፋጥንም። አንድ ኪሎ ገደማ ይበቃል። በሁለት ኪሎ የጀመረ ጓደኛ ነበረኝ፣ በወሩ ክርኑ ታሞ ብርጭቆ ማንሳት አቃተው። አጥብቃችሁም አትጨብጡት። አዲስ መዶሻ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ብረቱ ላይ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ ይተዋል፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። ብዙ ሰው ሥራዬ አስቀያሚ ሆነ እያለ የሚያዝነው በጠርዙ እንጂ በእጁ ችግር አይደለም።

መስፍ የለኝም ብላችሁም አትቀመጡ። የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ይበቃል፣ በተለይ ቀጥ አድርጋችሁ ካቆማችሁት፣ ምቱን የሚሸከመው ብረት ከሥሩ ስለሚበዛ። ዋናው እንዳይንቀሳቀስ ከግንድ ጋር ማሰር ነው። ከፍታው ቆማችሁ እጃችሁን ስታወርዱ ከጭብጣችሁ ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ ካነሰ ወገባችሁ ይከፍላል።

ጉጠትን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ ብረቱን በደንብ የማይዝ ጉጠት ወጥመድ ነው። የጋለ ብረት ከጉጠት አምልጦ ሲሽከረከር ያየ ሰው አይረሳውም። ለመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ጭራሽ ጉጠት ባይኖርስ? 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዘንግ ያዙ፣ ጫፉን ብቻ አግሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ከዘንጉ ቁረጡት። ሌላኛው ጫፍ እጃችሁ ውስጥ ቀዝቃዛ ነው።

አሁን የምናገረውን ግን በቁም ነገር ያዙልኝ። ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ አታስገቡ። የውሃ ቱቦ፣ አንጸባራቂ ሰንሰለት፣ ግራጫ ብሎን፣ አብዛኛው ዚንክ ለብሷል። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ እኛ የምንሠራው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ነጭ ጭስ ይወጣል። ያንን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ይይዘዋል። ነጩን ጭስ ካያችሁ ብረቱን ለማዳን አትሞክሩ፣ ራቁ። ከምን እንደተሠራ የማታውቁትን የተለበጠ ብረት ከነጭራሹ ተዉት።

ቱቦም የራሱ ጣጣ አለው። ሁለቱም ጫፉ የተደፈነ ቱቦ እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ክፍት የሆነውም ቢሆን፣ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው አንዱን ጫፍ አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረው። እንፋሎቱና የፈላው ውሃ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ተስፈንጥሮ በላይኛው ጫፍ ወጣና የያዘበትን እጁን ገሸለጠው። አጠገቡ ነበርኩ፣ አላስጠነቀቅኩትም፣ የሚያውቅ መስሎኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በጣም የሚያቃጥለው ብረት ደግሞ የቀላው ሳይሆን የጠቆረው ነው። የቀላውን ማንም አይነካም። 400 ዲግሪ ላይ ያለ ብረት ግን በቀን ብርሃን ጥቁር ነው፣ መሬት ላይ ተኝቶ ቀዝቃዛ ይመስላል። ከማንሳታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ ጠጋ አድርጉና ሙቀቱን አድምጡ፤ መዳፍ አይሁን። ሲወድቅ ለመቅለብ አትሞክሩ፣ እግራችሁን ሰብስባችሁ ወደ ኋላ በሉ። ጥጥ ልበሱ፣ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ሱሪው ጫማው ላይ ይውረድ፣ ጫማ ውስጥ አይከተት። መነጽር ሁልጊዜ። በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ልጁ መንጠቆውን ጨረሰው። ጫፉ ተከፍቶ ስለነበር ቆረጥነው፣ ትንሽ አጠረ። ከዚያ በኋላ ግን እሳቱ ጋ ቆሞ ቀለሙን መጠበቅ ጀመረ፣ እኔ ሳልናገረው። በመጨረሻ ቅርፊቱን ፍቆ፣ ብረቱ ገና ሞቅ ሳለ ሰም ቀባው። ሰሙ ቀለል ያለ ጭስ ካወጣ ልኩ ነው፣ ከተቀጣጠለ ሙቀቱ በዝቷል። አንድ ጊዜ ተቀጣጠለበት። ትንሽ ጠብቆ እንደገና ቀባው፣ ጠቆር ብሎ አበራ። አሁን ሽርጡን የሚሰቅለው እሱ ላይ ነው።