የምሥራቅ ጀርመን ማርክ ሰብስባችሁ ግራ ሲገባችሁ

የምሥራቅ ጀርመን ማርክ በጁላይ 1 ቀን 1990 ነው የሞተው (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያን ቀን በምዕራቡ ማርክ ተተካ። ሰዉ ወረቀቱን ባንክ አስገብቶ ሒሳቡ ተመነዘረለት፣ ወረቀቱ ግን ዋጋ አጣ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት እዚያ ደርሰው በተመለሱ ሰዎች መጽሐፍ መሃል እስከ ዛሬ አንድ ሁለቱ ብቅ ይላል። ብዙ አትጠብቁ፤ ማርኩን ከአገር ማስወጣት ክልክል ነበር።

ባንኩ አልመነዝርም አለ

ይህ የሚመጣው ሁለቱን ጀርመኖች ከማደባለቅ ነው። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ የምዕራቡን ዶይቸ ማርክ ዛሬም ያለ ጊዜ ገደብ በዩሮ ይለውጣል። ያን የሰማ ሰው የምሥራቁን ይዞ ይሄድና አፍሮ ይመለሳል። የገንዘቡን ስም ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ የምሥራቁም እስከ 1964 ድረስ ዶይቸ ማርክ ይባል ነበር። የባንኩን ስም አንብቡ። «ዶይቸ ኖተንባንክ» ወይም «ሽታትስባንክ» የሚል ከሆነ የምሥራቅ ነው፤ መፍትሄው አልበም ውስጥ ማስገባት ብቻ። «ዶይቸ ቡንደስባንክ» ካለ ግን አልበሙን ተዉትና ሂዱ መንዝሩ።

ኖቱ አዲስ ነው፣ ግን ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል

ይሄኛው የምወደው ችግር ነው፤ ሽታው ታሪክ ስላለው።

ማርኩ ሲሞት መንግሥት መቶ ቢሊዮን ማርክ ገደማ የሚሆን፣ ክብደቱ 3,000 ቶን አካባቢ የሆነ ወረቀት እጁ ላይ ቀረ። ሃልበርሽታት ከተማ አጠገብ ናዚዎች የማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን ያስቆፈሩት ረጅም ዋሻ አለ። ወረቀቱን እዚያ አስገቡት፣ ጠጠርና አሸዋ ጨመሩበት፣ በሩን በኮንክሪት ደፈኑት። ይበሰብሳል ብለው ነበር። አልበሰበሰም። በ2001 ሌቦች ሰብረው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ሰብሳቢዎች እጅ ላይ እርጥበት የጠጣ ኖት መታየት ጀመረ። በ2002 የተረፈውን አውጥተው አቃጠሉት።

እርግጥ የሸተተ ሁሉ ከዋሻው ወጣ ማለት አይደለም፤ ዝናብ ያስገባ ቆርቆሮ ቤትም እንዲሁ ያሸታል። አንድ ምልክት ግን ልንገራችሁ። ኖቱ የ200 ወይም የ500 ማርክ ከሆነ ከዋሻው የወጣ እንዳይሆን ጠርጥሩ። ሁለቱም 1985 ላይ ታተሙ እንጂ አንድም ቀን ገበያ ላይ አልዋሉም። «አባቴ በደሞዝ የተቀበለው ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ለወሬው ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ለሽታው ሽቶ አትርጩ፣ ፀሐይም ላይ አታስጡ፤ ቀለሙ ይሄዳል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ በነጭ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ጥቂት ቀን ተዉት። የደረቀውን ሻጋታ ደጅ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉት፣ እዚህ ይጠቅማል።

ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ የቁጥራቸው ርዝመት ግን ይለያያል

ፎርጅድ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። 1971 እና 1975 የሚል ዓመት በተጻፈባቸው ኖቶች ላይ ባለ ስድስትም ባለ ሰባትም አሃዝ ተራ ቁጥር አለ። ሁለቱንም ያዙ።

ወረቀቱ ላስቲኩ ላይ ተጣበቀ፣ ወይም ቡኒ መስመር አወጣ

ቡኒው መስመር የስኮች ፕላስተር ሙጫ ነው፤ የተቀደደውን የጠገነው ሰው የሠራው ሥራ። አትንቀሉት፣ ፊቱን ይዞ ይነሳል። መጣበቁ ደግሞ ከርካሹ ለስላሳ ላስቲክ የመጣ ነው። ፒቪሲ የተባለው ነገር ከጊዜ በኋላ ዘይት ነገር ያወጣል። ኪሱን በመቀስ ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁትና ፖሊስተር ወደሆነ ኪስ አዛውሩ።

ካውያም አትሞክሩ። የክላራ ዜትኪን ምስል ያለበትን አሥር ማርክ ልተኩስ ብዬ አበላሽቼዋለሁ። እጥፋቱ ጠፋልኝ፤ ግን በጣት ይዳሰስ የነበረው ቀለም ተደፈጠጠ፣ ወረቀቱም አብለጨለጨ። ሰብሳቢ ሰው ከሩቁ ያውቀዋል። የታጠፈ ኖት ታጥፎ ይሻላል።

እውነተኛ ነው ወይስ ኮፒ?

ተራዎቹን፣ ሙንትዘር ያለበትን አምስት ወይም ጎተ ያለበትን ሃያ፣ ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ድካሙ አይመለስለትም። ብርሃን ላይ ያዙት፤ የውሃ ምልክቱ ወረቀቱ ውስጥ ሆኖ ጥላው ወፈር ሳሳ እያለ መታየት አለበት። ላይ ላዩን በግራጫ ቀለም የታተመ ከመሰለ ኮፒ ነው።

ጭንቀቱ የጁን 1948ቱ ላይ ነው። ያኔ የሶቪየት ዞን (ኋላ ምሥራቅ ጀርመን የሆነው ክፍል) አዲስ ወረቀት ስላልደረሰለት በአሮጌው የጀርመን ገንዘብ፣ በራይሽስማርክ ላይ ትንሽ ኩፖን እየለጠፈ ለጥቂት ሳምንታት ተጠቀመ። ሕዝቡ «ታፔተንማርክ» አለው፣ የግድግዳ ወረቀት ማርክ ማለት ነው። አሮጌው ራይሽስማርክ ዛሬም በሽ ነው፣ ኩፖን አትሞ መለጠፍም አይከብድም። እንዲህ ዓይነቱን ስትገዙ የኩፖኑን ጠርዝ በማጉያ መነጽር እዩ። ሙጫው ነጭና አዲስ ከሆነ፣ ወይም የወረቀቱ እጥፋት ኩፖኑ ጋ ሲደርስ ከተቋረጠ፣ ኩፖኑ በኋላ የተለጠፈ ነው። ሻጩ «አይመለስም» ካለ ደግሞ እዚያው ተዉለት።