የመዳብ መስመሮችን ድምቀት በሌዘር ፕላዝማ ስንለካ

ሌዘር መዳብን ሲመታ ፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ የጋለ የሚያበራ ጋዝ፣ ይፈጠራል። ተማሪ የዚህን ብርሃን ስፔክትረም (በየሞገድ ርዝመቱ የተዘረዘረ ድምቀት) ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የፕላዝማውን ሙቀት አይደለም። «የ521.8 ናኖሜትሩን መስመር ድምቀት ለ515.3ቱ ስታካፍለው ስንት መጣ?» እላለሁ። ሁለቱም የመዳብ መስመሮች የሚነሱት 6.19 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ካሉ፣ እኩል ለማለት ከሚያስደፍሩ የአቶሙ የኃይል ደረጃዎች ነው። ስለዚህ ፕላዝማው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ንጽጽራቸው 1.85 ገደማ ነው። 1.4 ከመጣ መዳቡን አትውቀሱት፤ አለካካችሁን ፈትሹ።

መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ በአልኮል ጥረጉ። የ1064 ናኖሜትር ጨረር በዓይን አይታይምና መነጽሩ ሳይደረግ ሌዘሩ አይነሳም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምቶች የሚያሳዩት ዝገትና የጣት ቅባት ስለሆነ ጣሏቸው። ከዚያ ቦታ እየቀያየራችሁ 50 ያህል ምት ሰብስቡና አማካዩን ውሰዱ። አንድ ቦታ ብቻ ከመታችሁ ጉድጓዱ እየጠለቀ ፕላዝማው ይለወጥባችኋል።

ምቱ እንዳረፈ ፕላዝማው በሁሉም ቀለም ስለሚያበራ መስመሮቹ በዚያ ይዋጣሉ። ዲቴክተሩን (ብርሃን መቀበያውን) ከምቱ 1 ማይክሮሰከንድ በኋላ ክፈቱና ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ሞክሩ።

የጫፉን ቁመት ለክቶ የሚመጣ ተማሪ እመልሳለሁ፤ በዚህ ግትር ነኝ። መስመሮች እኩል አይሰፉም። ከግራና ከቀኝ መስመር የሌለበት ቦታ መርጣችሁ የጀርባውን ብርሃን ቀንሱ፤ የሚነጻጸረው ከመስመሩ ሥር ያለው ጠቅላላ የቦታ ስፋት እንጂ የመስመሩ ወርድ አይደለም።

ስፔክትሮሜትራችሁም (ብርሃኑን በሞገድ ርዝመት የሚዘረዝረው መሣሪያ) ለሁሉም ቀለም እኩል ዓይን የለውም። ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ የታወቀ የሃሎጅን መብራት በዚያው የብርሃን ፋይበርና በዚያው የብርሃን መግቢያ ስንጥቅ አስገብታችሁ እርማቱን አውጡ። ከ350 ናኖሜትር በታች ግን ሃሎጅን ደካማ ስለሆነ የዲዩቴሪየም መብራት ያስፈልጋል።

እርማቱ ተሠርቶ የሌሎቹ ሁለት የመዳብ መስመሮች ድምቀት፣ የ324.75ቱ ለ327.40ው፣ ሲካፈል 2.04 ገደማ መሆን ነበረበት። በንጹሕ መዳብ ላይ ግን ወደ 1 ይጠጋል፤ በፕላዝማው ጠርዝ ያሉት ቀዝቃዛ የመዳብ አቶሞች ከውስጥ የሚመጣውን ብርሃን ይውጡታል፣ ይበልጥ የሚጎዳውም ጠንካራው መስመር ነው። አንዳንዴ የመስመሩ መሐል ይሰረጎድና ሁለት መስመር ይመስላል። አዲስ መስመር አገኘን ብላችሁ እንዳትደሰቱ! መዳቡ በናሙናው ውስጥ ጥቂት ካልሆነ እነዚህን ሁለቱን ተዉአቸው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የ510.55ን የመዳብ መስመር አምጡ። የሚነሳው ከ515.3ቱ በጣም ዝቅ ካለ፣ 3.82 ኤሌክትሮን ቮልት ካለው ደረጃ ስለሆነ የሁለቱ ንጽጽር ሙቀት ይነግራል፦ 8,000 ኬልቪን ላይ ከ515.3 ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው፤ 10,000 ላይ ደግሞ 515.3 እጥፍ ሊሆነው ይቃረባል።