የቀንድ አውጣ እንቁላል ለምን አይፈለፈልም? ችግርና መፍትሄ

የአኳሪየሙ ክዳን ሥር ፈዘዝ ያለ ሮዝ ዘለላ ተለጥፎ ካገኛችሁ የሚስትሪ ስኔል እንቁላል ነው። ይህ ቀንድ አውጣ ኑሮው ውሃ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለው ግን ከውሃው በላይ ነው። እንቁላሉ እርጥበት ይፈልጋል፣ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ይሞታል። ብዙው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈው፣ ምንም ነገር የለም

መጀመሪያ ብርዱን ጠርጥሩ። ለምሳሌ ጅማ ቀን ቀን ሞቅ ብትልም ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። እንቁላሉ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። ከበረደው ይዘገያል።

ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ። ሶፍት ውሃ ነክራችሁ ጭመቁና ታቹ ላይ አንጥፉት። ዘለላውን ከላይ አስቀምጡ፣ ክዳኑን ሁለት ሦስት ቦታ ብሱት፣ ከዚያ ሂተር ያለው አኳሪየም ላይ አንሳፍፉት። የውሃው ሙቀት ይበቃዋል። ማታ መብራት ከጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም።

ብርድ ካልሆነ እንቁላሉ ዘር የለው ይሆናል። ሚስትሪ ስኔል ወንድና ሴቱ የተለያየ ነው። ሴቷ ከወንድ ጋር ሳትገናኝም እንቁላል ትጥላለች፣ እሱ ግን አይፈለፈልም። በሌላ በኩል የወንዱን ዘር ለወራት ይዛ መቆየት ስለምትችል፣ ብቻዋን የገዛችኋት ሴት የሚፈለፈል እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ «ወንድ የለኝም» ብላችሁ አትጣሉት። በሁለተኛው ሳምንት ዘለላውን በሞባይል መብራት ከኋላ አብሩበት። በየእንቁላሉ ውስጥ ጠቆር ያለ ነጥብ ከታየ ሕይወት አለው። ሁሉም እኩል ነጣ ብሎ ብርሃን ካሳለፈ ባዶ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሊፈለፈል ሲቃረብ ሮዙ ይጠፋል፣ ዘለላው ግራጫ ይሆናል፣ ሻጋታ የያዘው ይመስላል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የቀረው ጥቂት ቀን ነው። መጥፎ ሽታ ከሌለው ታገሱት።

ዘለላው ለስልሶ ሟሟ፣ ሸተተ

ውሃ ነክቶታል። ክረምት ላይ ከክዳኑ የሚንጠባጠብ ጤዛ ወይም አኳሪየሙን ስትሞሉ ከፍ ያለው ውሃ ሊሆን ይችላል። የሟሟውን ማዳን አይቻልም። ለቀጣዩ ከውሃው ወለል እስከ ክዳኑ አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ተዉ። ዘለላውን ማንሳት ካስፈለገ ከተጣለ በኋላ አንድ ቀን ጠብቁ፤ አዲሱ ለስላሳ ስለሆነ ይፈርሳል። ሲጠነክር ጣታችሁን አርጥባችሁ ከጎን በቀስታ ግፉት።

ደረቀ፣ ቀለለ

የበጋው ደረቅ አየር ነው። ሶፍቱን በየቀኑ እያያችሁ አርጥቡ። እንቁላሉ ላይ በቀጥታ ውሃ አትርጩ።

ሰሊጥ የሚመስል ጠንካራ ነጭ ነጥብ

ይሄ ኔራይት የሚባለው ሌላ የአኳሪየም ቀንድ አውጣ እንቁላል ነው። ጨው በሌለው ውሃ አያድግም፤ የሚያድገው ጨው ባለው ውሃ ብቻ ነው። ካላማረባችሁ ፋቁት።

ውሃ ውስጥ ቅጠል ላይ የተለጠፈ እንደ ጄል ያለ ነገር ከሆነ ግን ራምስሆርን የሚባለው ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ ወይም የመሰሎቹ እንቁላል ነው። እሱ ያለ እናንተ እርዳታ ይፈለፈላል። ከበዛ ለዓሳው የምትሰጡትን ምግብ ቀንሱ።

ተፈለፈሉ፣ ግን እያለቁ ነው

አዲሶቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ናቸው። ዓሳ ይበላቸዋል፣ ፊልተር ይስባቸዋል። እስኪያድጉ ለብቻ አስቀምጧቸው፣ የፊልተሩን አፍ በስፖንጅ ሸፍኑ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። መዳብ ያለበት የዓሳ መድኃኒት ይገድላቸዋል፤ አታስገቡ።

ቅርፊታቸው ከሳሳ፣ ነጣ ነጣ ካለ ወይም ከተቦረቦረ ካልሲየም አንሷል። በተለይ የዝናብ ውሃ የምትጠቀሙ ተጠንቀቁ። የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለውም፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ ደግሞ ለቀንድ አውጣ የማይስማማ ዚንክ ሊይዝ ይችላል። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አድቅቃችሁ ጥቂት ጨምሩ። ምግባቸው የተቀቀለ ዝኩኒ ወይም ቆስጣ ይሁን። የተረፈውን በማግስቱ አውጡ፤ ውሃውን ያበላሻል።

ከወንዝ ባመጣስ?

አታምጡ። ከጅማው አዌቱ ወንዝም ከቦዬ ረግረግም ቢሆን። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት እንዲህ ባለ ውሃ ሲሆን፣ ጠፍጣፋው ዓይነት ከራምስሆርን ጋር በዓይን አይለይም። የበዛባችሁን ሚስትሪም ወደ ወንዝ አትልቀቁ። የቅርብ ዘመዱ ኬንያ ምዌያ የሩዝ እርሻ ውስጥ በ2020 ገብቶ ሰብል ሲያበላሽ ታይቷል። የማትፈልጉትን ዘለላ በፌስታል ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ቀን አቆዩትና ከዚያ ጣሉት።