የሽንት ፊኛ ካንሰር ባልተለመደ መልክ ሲታይ፦ በጅማና በአካባቢዋ ለሚሠሩ ሐኪሞች የምስል ንባብ መመሪያ

የሽንት ፊኛ ካንሰር በአልትራሳውንድ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከፊኛው ግድግዳ ተነስቶ ሽንቱ ውስጥ የገባ፣ ታማሚው ሲገላበጥ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ በዶፕለር ሲፈተሽም የደም ፍሰት የሚገኝበት ዕጢ ነው። ይህን መልክ ለመለየት ረጅም ልምድ አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ካንሰሩ በግድግዳው ውስጥ ተንሰራፍቶ ፊኛውን ማወፈር ብቻ ሲሆን፣ ካልሲየም ለብሶ ጠጠር ሲመስል፣ ከፊኛው ጣሪያ ወደ ውጭ ሲያድግ ወይም ከፊኛው ጎን በወጣ ከረጢት ውስጥ ሲደበቅ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጅማ ከተማ እንዲሁም እንደ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ በደሌና ቦንጋ ባሉ ከተሞች አልትራሳውንድ ለሚሠሩና የሲቲ ስካን ምስል ለሚያነቡ ሐኪሞች ነው። ያልተለመደ ምስል ሲያጋጥም ስም ለመስጠት ከመቸኮል በፊት የታማሚው ታሪክ መጠየቅ፣ ፊኛው መሙላትና ታማሚው መገላበጥ ይኖርበታል።

ጥያቄው ከማሽኑ ይቀድማል። ሽንቱ ሕመም ሳይኖረው ደም መቀላቀሉን፣ ሲጋራ ማጨሱን፣ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ለረጅም ጊዜ መያዙን፣ የፊኛ ጠጠር ወይም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እንደነበረው፣ በዳሌ አካባቢ ጨረር መውሰዱን ይጠይቁ። ቀጥሎም የት የት እንደኖረ ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ በጅማ ከሌላው ቦታ የበለጠ ትርጉም አለው። በጅማ ዙሪያ ባሉ ወንዞችና ጅረቶች የሚገኘው ቢልሃርዚያ ማንሶኒ የተባለው ሲሆን የሚያጠቃውም አንጀትንና ጉበትን ነው። ፊኛን የሚጎዳውና ስኳመስ ሴል ለተባለው የካንሰር ዓይነት የሚያጋልጠው ሄማቶቢየም የተባለው የቢልሃርዚያ ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው በቆላማ ቦታዎች፣ በተለይም በአዋሽ ሸለቆና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ነው። ስለዚህ ታማሚው «ቢልሃርዚያ ነበረብኝ» ማለቱ ብቻውን ስለ ፊኛው ብዙ አይነግረንም፤ በወጣትነቱ በአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ለዓመታት የሠራ መሆኑ ግን የምስሉን ንባብ ይለውጣል። ታሪኩን ታማሚው በሚቀናው ቋንቋ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ኦቦ» ወይም «አዴ» ብሎ በአፋን ኦሮሞ የጀመረ ሐኪም ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚ ከሚጠይቀው የተሻለ መልስ ያገኛል።

ባዶ ፊኛ ያታልላል። የጤናማ ፊኛ ግድግዳ በደንብ ሲሞላ ከ3 ሚሊ ሜትር፣ ሳይሞላ ደግሞ ከ5 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይጠበቃል፤ ያልተዘረጋ ግድግዳ ተጣጥፎ ዕጢ ሊመስል፣ እውነተኛው ትንሽ ዕጢም በእጥፋቱ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ታማሚው ውኃ ጠጥቶ ሽንቱ እስኪመጣ ይጠብቅ፤ ካቴተር ካለው ለጊዜው ይቆለፍ። በካቴተሩ በኩል የገባ አየርና በካቴተሩ ጫፍ ያለው ባሉን ራሱ የሚፈጥሩትን ጥላ አስቀድሞ ማወቅም ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የፊተኛው ግድግዳ ነው፤ ከሆድ ቆዳ ጀምሮ በሚደጋገም የድምፅ ነጸብራቅ ስለሚሸፈን የላይኛውን ጌን (የምስሉን ድምቀት መቆጣጠሪያ) ቀንሶ፣ ፕሮቡን (መመርመሪያውን) አዘንብሎ፣ ቢቻልም ቀጥ ያለ ገጽ ባለው በሊኒየር ፕሮብ ደግሞ ማየት ይገባል።

ፊኛው ውስጥ የታየ ነገር ሁሉ ታማሚውን ሳያገላብጡ አይሰየም። «አባባ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙልኝ» ማለት ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል እንጂ ወጪ የለውም። የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ የደም ፍሰትም አይታይበትም። ይሁን እንጂ ደሙ ከግድግዳው ተጣብቆ ሊቀር፣ ዘገምተኛ የደም ፍሰት ያለው ዕጢም በዶፕለር ባዶ ሊመስል ይችላል፤ ከረጋው ደም ሥር የሚደማው ዕጢ ራሱ ሊኖር እንደሚችልም መታወስ አለበት። ስለዚህ ፊኛው ታጥቦ ምርመራው ቢደገም ይመረጣል። ከኩላሊት የሚወርደው ሽንት በኡሬተር (ኩላሊትን ከፊኛ በሚያገናኘው ቱቦ) አፍ ሲረጭ ለቅጽበት ዕጢ የሚመስል ምስል ይፈጥራል፤ ጥቂት ጠብቆ ደግሞ ማየት ጥርጣሬውን ይፈታዋል። ከፊኛው ወለል መሐል ወደ ላይ ገፍቶ የሚታየው እብጠትም በአረጋውያን ወንዶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የፕሮስቴት መካከለኛ ክፍል ስለሆነ፣ ከፕሮስቴቱ ጋር መያያዙን ከጎን በሚያሳይ ምስል ማረጋገጥ ይቻላል።

በእኔ ግምት በሪፖርቶች ውስጥ ከሚጻፉት ሁሉ አደገኛው «የፊኛው ግድግዳ ወፍሯል፤ ሳይስታይተስ» (የፊኛ ብግነት) የሚለው ነው። ግድግዳው ዙሪያውን የሚወፍረው በኢንፌክሽን፣ በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት በመታገዱ፣ በነቀርሳ ወይም በቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሲግኔት ሪንግ ሴል የተባለው አልፎ አልፎ የሚገኝ ካንሰርም ወደ ፊኛው ውስጥ ምንም ሳይወጣ ግድግዳውን ብቻ አጠንክሮና አወፍሮ ይታያል። ውፍረቱ በአንዱ ጎን የሚበዛ ከሆነ፣ ፊኛው ውኃ ሲገባበት የማይዘረጋ ከሆነ፣ በዙሪያው ያለው ስብ ጥራቱን ካጣ ወይም አንዱ ኩላሊት ሃይድሮኔፍሮሲስ (ሽንት በመታገዱ የሚመጣ መስፋት) ካሳየ ካንሰር ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም። ነቀርሳ ሲጠረጠር ፊኛውን ብቻ ማየት ስለማይበቃ ወደ ኩላሊት ይውጡ፤ የሽንት ሥርዓት ነቀርሳ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ የተጎዱ ካሊክሶች (በኩላሊት ውስጥ ሽንት የሚሰበስቡ ጽዋዎች)፣ የተጣበበ ኡሬተርና ካልሲየም አብረው ይገኛሉ፤ ፊኛው ደግሞ እየተኮማተረ ያንሳል። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሕክምና የተሰጠው ታማሚ ከሕክምናው በኋላ እንደገና ይታይ፤ በሽንቱ ደም ከቀጠለ ምስሉ ምንም ቢመስል ሲስቶስኮፒ (የፊኛውን ውስጥ በካሜራ ማየት) ያስፈልገዋል።

ወደ ካልሲየም ስንመጣ፣ ተራው፣ ከፊኛው ውስጠኛ ሽፋን የሚነሳው የኡሮቴልየም ካንሰር ካልሲየም የሚይዘው ከ100 በ5 ገደማ በሚሆኑት ላይ ነው፤ በሚይዝበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ የዕጢውን ገጽ እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋል። በአልትራሳውንድ ይህ ቅርፊት ከኋላው ጥላ ስለሚጥል ጠጠር ተብሎ ይታለፋል፤ ሆኖም ጠጠር ሲገላበጡ ይንከባለላል፣ ዕጢው ግን ቦታውን አይለቅም። በቢልሃርዚያ የተጎዳ ፊኛ ደግሞ በሲቲ ስካን ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን የካልሲየም መስመር ያሳያል፤ መስመሩ የሚፈጠረው በግድግዳው ውስጥ ከቀሩ የጥገኛ ትሉ ዕንቁላሎች ነው። እዚህ ላይ ከካልሲየሙ መኖር ይልቅ መስመሩ የተቋረጠበትን ቦታ መፈለግ ያዋጣል፤ ቀድሞ የተሟላ የነበረው መስመር በአንድ ቦታ ከጠፋና ያ ቦታ ከወፈረ ስኳመስ ሴል ካንሰር መስመሩን በልቶት ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር ከተለመደው እንጉዳይ መሰል ዕጢ ይልቅ ሰፊ መሠረት ያለው፣ ጠፍጣፋና ወደ ጡንቻው ቶሎ የሚዘልቅ መሆኑ ይታወቃል።

ከፊኛው ጣሪያ መሐል ላይ፣ ወደ እምብርት በሚወስደው መስመር የሚገኝ እብጠት የተለየ ትኩረት ይሻል። በፅንስ ጊዜ ፊኛን ከእምብርት ጋር ያገናኝ የነበረው ዩራከስ ቅሪቱ ካንሰር ሲያወጣ፣ ዕጢው በአብዛኛው አዴኖካርሲኖማ (ከዕጢ መሰል ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር) ሲሆን ዋናው አካሉ ከፊኛው ውጭ ይሆናል። በሲቲ ስካን ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ስለሚይዝ መሐሉ ይጠቁራል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑትም ካልሲየም ይታያል። በአልትራሳውንድ ፕሮቡን ከብልት አጥንት በላይ አስቀምጦ ፊኛውን ብቻ የሚያይ ባለሙያ ስለሚያልፈው፣ ከፊኛው ጣሪያ እስከ እምብርት ድረስ በመሐለኛው መስመር ወደ ላይ መጓዝን ልማድ ማድረግ ይገባል። በኢንፌክሽን የተያዘ ዩራከስ መግል ቋጥሮ ተመሳሳይ ምስል ሊሰጥ ስለሚችል ትኩሳትና የእምብርት ፈሳሽ መኖሩ ይጠየቅ፤ ሆኖም ያለ ባዮፕሲ (የናሙና ምርመራ) ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

ዳይቨርቲኩለም የሚባለው ከረጢት በፕሮስቴት ሕመም ለረጅም ጊዜ በተቸገሩ ወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። ከረጢቱ የፊኛው ጡንቻ ስለማይኖረው በውስጡ የሚበቅል ካንሰር የሚከለክለው ሳይኖር ቶሎ ወደ ዙሪያው ስብ ይደርሳል፤ አንገቱ ጠባብ ከሆነም ሲስቶስኮፒው ሊገባበት ስለማይችል ምስሉ ብቸኛው ዐይን ይሆናል። ፊኛ አጠገብ የታየ «ሲስት» ሁሉ አንገት እንዳለው ይፈተሽ፣ ውስጡም ይቃኝ። የብሽሽት ሄርኒያ ውስጥ የገባ የፊኛ ክፍልም እንዲሁ ሊታለፍ ይችላል።

ጥቂት የማይባሉ እብጠቶች ደግሞ ካንሰር ይመስላሉ እንጂ ከውስጠኛው ሽፋን ሥር የሚገኙ ናቸው፤ ከነዚህ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ፓራጋንግሊዮማ (አድሬናሊን መሰል ሆርሞን ሊያመነጭ የሚችል ዕጢ) ነው። ገጹ ለስላሳ፣ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት) ሲሰጥ በኃይል የሚያበራ እብጠት የታየበት ታማሚ ሲሸና ራሱን የሚስት፣ ልቡ የሚመታ፣ የሚያልበውና የደም ግፊቱ የሚወጣ ከሆነ ባዮፕሲው ይቁም፤ ሳይዘጋጁ መንካት የደም ግፊቱን ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊያንረው ስለሚችል የሜታኔፍሪን (የዚህ ሆርሞን ስብርባሪ) ምርመራ ይቀድማል።

ሲቲ ስካን ሲታዘዝ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) ይታይ፤ ከዚያም ያለ ኮንትራስት የተነሳ ምስል፣ ኮንትራስቱ ከገባ ከ60 እስከ 80 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚነሳ ዕጢውን የሚያደምቅ ምስል፣ እንዲሁም 10 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ሽንቱ ሲነጣ የሚነሳ ምስል ቢኖር ይመረጣል። በመጨረሻው ዙር ኮንትራስቱ ክብደት ስላለው በጀርባ የተኛ ታማሚ ፊኛ ውስጥ ወደ ኋላ ይዘቅጣል፤ የፊተኛው ግድግዳ ዕጢም ባልነጣ ሽንት ውስጥ ይቀራል። ከመነሳቱ በፊት ታማሚውን አንድ ጊዜ ማገላበጥ ይህን ያስወግዳል። ከፊኛ ካንሰር ታማሚዎች ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆኑት በላይኛው የሽንት ቱቦም ዕጢ ስለሚገኝባቸው ኩላሊትና ኡሬተር ሳይታዩ ንባቡ አያልቅም።

ሲቲ ስካን ዕጢው ከፊኛው ውጭ ወደ ስብ መውጣቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ጡንቻውን ነክቷል ወይስ አልነካም የሚለውን ግን አይለይም። ለዚህ ኤምአርአይ ይሻላል፤ በ2018 የወጣው ቪአይራድስ የተባለው የንባብ መለኪያም ከ1 እስከ 5 ባለው ነጥብ ጡንቻው የመነካቱን ዕድል ይመዝናል። የውኃ እንቅስቃሴን በሚያሳየው የዲፊዩዥን ኤምአርአይ ምስል ላይ ዕጢው እንደ ጎበጠ አባጨጓሬ ደምቆ፣ ከሥሩ ያለው ግንድ ሳይደምቅ ከቀረ ጡንቻው አልተነካም የማለት ዕድሉ ይሰፋል። ኤምአርአዩ ዕጢው በሽንት መውጫ በኩል ከመላጡ በፊት ቢነሳ ይመረጣል፤ ካልሆነ ቢያንስ 2 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የቁስሉ እብጠት ግድግዳውን አወፍሮና አድምቆ ካንሰሩ ጡንቻውን የዘለቀ ያስመስለዋል።

ሪፖርቱ ሲጻፍ የዕጢው ብዛት፣ መጠንና ቦታ፣ ከኡሬተር አፍ ያለው ርቀት፣ የመሠረቱ ስፋት፣ የዙሪያው ስብ ሁኔታ፣ የኩላሊቶቹ መስፋትና የዳሌ ሊምፍ ኖዶች ይጠቀሱ፤ ፊኛው በቂ ካልሞላ ይህም ይጻፍ። «በምስል ካንሰር የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር አይጻፍ፤ አልትራሳውንድ ትናንሽና ጠፍጣፋ ዕጢዎችን ስለሚያልፍ፣ ደም የሸና ታማሚ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይቀራል። ታማሚው ከወረዳ ሆስፒታል ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ከሪፖርቱ ጋር ምስሎቹ ራሳቸው በሲዲ ይሰጡት፤ የኖረበት ቦታ፣ የካቴተር ታሪኩና ዕጢው ተልጦ ከሆነ የተላጠበት ቀንም በሪፈራል ወረቀቱ ላይ ይጻፉ።