የኤች አይ ቪ ዲ ኤን ኤ ክትባት ሲደክም መጠን መጨመር ብቻውን አያድነውም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዲ ኤን ኤ ክትባት፣ ማለትም የቫይረሱን ጂን አስገብቶ ሴሎቻችን ራሳቸው ፕሮቲኑን እንዲሠሩ የሚያደርገው ክትባት፣ በአይጥ ላይ አንበሳ፣ በሰው ላይ ድመት ሆኖ ኖሯል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰው ላይ ከተሞከሩት የኤች አይ ቪ ዲ ኤን ኤ ክትባቶች አንዱም ለፈቃድ አልበቃም። የሰውነት የመከላከል ምላሽ ሲደክም ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው «መጠኑን እንጨምር» የሚለው ነው። ከዚያ በፊት ግን ከብልቃጡ እስከ ሴሉ ኒውክሊየስ ባለው መንገድ ላይ ዲ ኤን ኤው የት እንደሚፈስ ማየት ይቀድማል። ከታች ያሉት ስህተቶች ሐረርና ድሬዳዋ ውስጥ በፕላዝሚድ (ጂኑን ተሸክሞ ባክቴሪያ ውስጥ በሚባዛው ክብ ዲ ኤን ኤ) ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተጻፉ ናቸው፤ የአገሩ ሙቀትና ከፍታ በሥራው ላይ እጁን ስለሚያስገባ እሱም አልተረሳም።

ጂኑን ከቫይረሱ እንዳለ መገልበጥ

የኤች አይ ቪ ጂኖም በ«ኤ» ፊደል የተጨናነቀ ነው፤ የሰው ሴል ደግሞ በ«ጂ» ወይም በ«ሲ» የሚያልቁ ኮዶኖችን (አሚኖ አሲድ የሚጠሩ ባለ ሦስት ፊደል ቃላትን) ይመርጣል። በዚያ ላይ የጋግ (የቫይረሱ የውስጥ ፕሮቲን) እና የኢንቭ (የውጭ ሽፋኑ ፕሮቲን) ጂኖች መልእክተኛ አር ኤን ኤው ከኒውክሊየስ እንዳይወጣ አስረው የሚይዙ ክፍሎች አሏቸው። ቫይረሱ ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ሬቭ በተባለው ፕሮቲኑ ነው፤ ፕላዝሚዱ ውስጥ ሬቭ ከሌለ ብዙ ፕሮቲን አይጠብቁ። ኮዶኖቹን ለሰው ሴል እንዲስማሙ አድርጎ ጂኑን እንደገና ማሠራት ሁለቱንም ችግር ባንድ ጊዜ ያቃልላል። ሶፍትዌሩ ያወጣውን ግን ዐይን ጨፍነው አይዘዙ። ሳይታሰብ የተፈጠረ የስፕላይስ ቦታ (አር ኤን ኤው ተቆርጦ የሚቀጠልበት) እንዳይኖር ይፈትሹ፤ ከመነሻው ኮዶን በፊት የኮዛክ ቅደም ተከተል (ፕሮቲን መሥራት የት እንደሚጀመር የሚጠቁመው) መግባቱንም ያረጋግጡ። ከዚያ ፕላዝሚዱን 293 በተባሉት የላቦራቶሪ የሰው ሴሎች ውስጥ አስገብተው በ48ኛው ሰዓት ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኑን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ) ይሥሩ። እዚያ ያልታየ ፕሮቲን አይጥ ውስጥ በተአምር አይመጣም።

የዝርያው ነገርም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በስፋት የሚገኘው ሲ ንዑስ ዝርያ ነው፤ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ የሚዞረው የተለመደ ፕላዝሚድ ግን ብዙውን ጊዜ ከቢ የተወሰደ ነው። ለልምምድ ይበቃል፤ «ለአገራችን የሚሆን ክትባት» ብለው ሊጽፉበት ካሰቡ ግን ከሲ ይነሡ።

ጂፒ41ን ሳያስቡ መጨመር

አሜሪካ ውስጥ 2,500 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ኤች ቪ ቲ ኤን 505 የተባለው ጥናት በሚያዝያ 2013 ውጤት አልባ ሆኖ ተቋረጠ። ክትባቱ የደረሳቸው ተሳታፊዎች በ0፣ በ4 እና በ8ኛው ሳምንት 4 ሚሊ ግራም ዲ ኤን ኤ፣ በ24ኛው ሳምንት ደግሞ አዴኖቫይረስ 5 (የኤች አይ ቪ ጂን የተሸከመ ሌላ ቫይረስ) ወስደው ነበር። ፀረ እንግዳ አካል አልጠፋም። አብዛኛው ያነጣጠረው ግን ጂፒ41 በተባለው የኢንቭ ክፍል ላይ ሆነ፤ ከዚያም ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያን ጭምር የሚይዝ ተገኘ። ማለትም ሰውነት ቀድሞ ለሚያውቀው የአንጀት ባክቴሪያ ያዘጋጀውን መልስ ለቫይረሱ ሰጠ። ስለዚህ የኢንቭ ጂን ሲመርጡ የትኛው ክፍል ለምን እንደገባ በጽሑፍ ይመልሱ፤ «ሙሉ ስለሆነ ይሻላል» በቂ ምክንያት አይደለም።

ንጹሕ የመሰለውን ፕላዝሚድ ማመን

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። ኢንዶቶክሲን ከኢ ኮላይ ውጫዊ ሽፋን የሚመጣ ነው፤ ሴሎችን ይጎዳል፣ አይጥ ላይ ደግሞ የራሱን የመከላከል ምላሽ ቀስቅሶ ክትባቱ የሠራ ያስመስላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዲ ኤን ኤ ክትባት የሚመክረው በአንድ ሚሊ ግራም ከ40 ዩኒት በታች ነው። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ማሽን) ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ኢንዶቶክሲኑን አያጠፋም። የመስታወት ዕቃ በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ባዶውን ፕላዝሚድም በዚያው ኪት፣ በዚያው ቀን አዘጋጅተው እንደ ማነጻጸሪያ ካልተጠቀሙ፣ ያዩት ምላሽ የጂኑ ይሁን የቆሻሻው አይለይም።

ስለ አውቶክሌቭ ከተነሣ፦ ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠራው የድሮው አውቶክሌቭ 15 ፒ ኤስ አይ ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 121 ሳይሆን 118 ዲግሪ ያህል ነው። 121 ለመድረስ ሐረር ላይ ወደ 18 ፒ ኤስ አይ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ይህን እንዲሸከም የተሠራ መሆኑን መጀመሪያ መመሪያው ላይ ይዩ። ካልተቻለ ሰዓቱን ያርዝሙ፤ በኬሚካልና በስፖር መፈተሻ ያረጋግጡ።

ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። የኢንቭ ጂን የያዘ ፕላዝሚድ ባክቴሪያው ውስጥ ተቆርጦ ወይም ተዛብቶ ሊገኝ ስለሚችል በ30 ዲግሪ ማሳደግ ይመከራል። ማቀዝቀዣ የሌለው ኢንኩቤተር ግን ከክፍሉ ሙቀት በታች አይወርድም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ክፍሉ ራሱ 33 ሲሆን የማሽኑ መደወያ 30 ላይ መቆሙ ምንም አይለውጥም። ኮምፕረሰር ያለው ኢንኩቤተር ይፈልጉ፤ ከሌለ ሥራውን ለጥቅምትና ኅዳር ያቆዩት። መብራት ጠፍቶ መነቅነቂያው (ሼከሩ) ሌሊቱን የቆመበትን የባክቴሪያ እርባታ ይድፉት፤ «ትንሽ ነው የቆመው» እያሉ ማውጣት ኪት ማባከን ነው።

ሲያወጡም የአልካላይኑን እርምጃ ከ5 ደቂቃ አያስበልጡ፤ ቮርቴክስም አይጠቀሙ። ባክቴሪያው ከፈነዳ በኋላ ቱቦውን ቀስ እያሉ መገልበጥ ይበቃል። ከዚያ ጥቂቱን 0.8 በመቶ የአጋሮስ ጄል ላይ ያስሩጡ፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በሱፐርኮይል (ሳይቆረጥ በራሱ ላይ በተጠመዘዘ) መልክ መታየት አለበት። ስፔክትሮፎቶሜትር ላይ የ260/280 ንጽጽር ከ1.8 እስከ 2.0 ቢወጣም፣ ይህ ቁጥር ስለ ኢንዶቶክሲንም ስለ ሱፐርኮይልም የሚነግርዎ ነገር የለም።

የአይጡን መጠን ለሰው ማሰብ

20 ግራም የምትመዝን አይጥ 50 ማይክሮ ግራም ስትወጋ በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም አገኘች ማለት ነው። በዚያው ስሌት 60 ኪሎ ሰው 150 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ በሰው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ግን ከ1 እስከ 4 ሚሊ ግራም ነው። አይጧ ላይ ደግሞ 50 ማይክሮ ሊትር ትንሿን ጡንቻ ወጥሮ ዲ ኤን ኤውን ወደ ሴል ይገፋዋል፤ የሰው ጡንቻ ውስጥ ያው ፈሳሽ በሴሎች መካከል ተበትኖ በኢንዛይም ይበላል። ክፍተቱን የሚያጠበው አሰጣጡ ነው። ኤሌክትሮፖሬሽን በአጭር የኤሌክትሪክ ምት የሴሉን ሽፋን ለቅጽበት ይከፍታል። ኤች ቪ ቲ ኤን 080 በተባለው ጥናት ላይ ፔንቫክስ ቢ የተባለው የዲ ኤን ኤ ክትባት ከኢንተርሉኪን 12 (የመከላከል ምላሽን የሚያበረታታ ፕሮቲን) ፕላዝሚድ ጋር በዚህ መንገድ ተሰጥቶ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የቲ ሴል ምላሽ አሳይተዋል።

እዚህ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ፈሳሹን አንድ ቦታ፣ ኤሌክትሮዱን ሌላ ቦታ ማድረግ ነው። መርፌው የገባበትን ነጥብ በእስክሪብቶ ያመልክቱ፤ ምቱንም ሳይዘገዩ ይስጡ። የመሟሟቻው ጨው ሲለዋወጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ስለሚለዋወጥ፣ ፒ ቢ ኤስ (የተለመደው የጨው መሟሟቻ) ከሆነ እስከ መጨረሻው ፒ ቢ ኤስ ይሁን።

ማጠናከሪያውን ማቻኮል

ዲ ኤን ኤ ብቻውን ሲደጋገም ብዙም አይገፋም፤ ጥሩ ጀማሪ ነው፣ ጨራሽ ግን ሌላ ይፈልጋል። ዳሬሰላም ላይ በተካሄደው ሂቪስ 03 በተባለው ጥናት ዲ ኤን ኤው በ0፣ በ1 እና በ3ኛው ወር፣ ኤም ቪ ኤ (የተዳከመ የፈንጣጣ ክትባት ቫይረስ) ማጠናከሪያው ደግሞ በ9ኛውና በ21ኛው ወር ተሰጥቷል። የመመረቂያ ጊዜ ስለደረሰ ብቻ ማጠናከሪያውን ወደ ሁለት ሳምንት ማሳጠር የራስን ውጤት መቁረጥ ነው።

ደሙን መንገድ ላይ ማጥፋት

ድሬዳዋ የተቀዳ ደም ሐረር የሚመረመር ከሆነ በደንገጎ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለኤሊስፖት (ምላሽ የሚሰጡ ቲ ሴሎችን ለሚቆጥረው ምርመራ) የሚሆኑት ነጭ የደም ሴሎች በ8 ሰዓት ውስጥ ቢለዩ ይመረጣል። ሄፓሪን ያለበትን ቱቦ በረዶ ላይ አያስቀምጡ፤ ቅዝቃዜው ግራኑሎሳይቶችን (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎችን) ያነቃና መለየቱን ያበላሻል። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ መተውም ያው ጥፋት ነው። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ የሚይዝ የተሸፈነ ሣጥንና ሙቀት መመዝገቢያ ይበቃል። በየጉድጓዱ 200,000 ሴል፣ ሦስት ሦስት ድግግሞሽና ያልተነቃቃ ማነጻጸሪያ ያድርጉ። ሕይወት ያላቸውን ሴሎች ሳይቆጥሩ የወጣ «ደካማ ምላሽ» የመኪናው እንጂ የክትባቱ ላይሆን ይችላል።

ኤላይዛ (ፀረ እንግዳ አካልን የሚለካ ምርመራ) ላይ የወጣ ከፍተኛ ቁጥርንም መከላከያ ብለው አይጻፉት። ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዲ ኤን ኤን ጨምሮ የሞከረው ፕሬፕቫክ የተባለው ጥናት በታኅሣሥ 2023 ክትባት መስጠቱን ያቆመው መከላከል የማሳየት ተስፋ ስላልነበረው ነው። ከቫይረሱ ጋር የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ሁሉ ቫይረሱን አያመክንም።

ለተሳታፊው ሳይነግሩ መውጋት

ሥራው ሰው ላይ ሲደርስ ይህ ይመጣል። ክትባቱ የኢንቭ ፕሮቲን ካለው፣ ያልተያዘ ሰው ፈጣን ምርመራ ላይ «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል፤ ፈጣኑ ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካሉን ነውና። ለጋብቻ ሲመረመር ወይም ደም ሊለግስ ሲሄድ ይህ ቢገጥመው ማስረዳት የእሱ ሸክም መሆን የለበትም። ፈቃድ ሲወስዱ በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ ይንገሩት፤ የሚደውልበት ቁጥር ያለበት ካርድ ይስጡት፤ የቫይረሱን አር ኤን ኤ ወይም ዲ ኤን ኤ በቀጥታ በፒ ሲ አር የሚፈልግ ምርመራም ጥናቱ ካበቃ በኋላ ጭምር በነጻ እንዲያገኝ በጀቱ ውስጥ ያስገቡለት።